ኤደን የገባን ዕለት

ባለፈው ሰሞን ጉልበቴን ልታይ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። የልጄ ልጅ ደግፋ ወሰደችኝና ከበሩ ገና ስንገባ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሐኪሙ እጁን የሚታጠብበት መድኃኒት ነው አሉ፤ ሬንጅ ሬንጅ የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

«እማማ፣ ጉልበትዎ ነው? ይቀመጡ?» አለችኝ ልጅቷ።

ጉልበቴስ አልነበረም። ያንን ሽታ በልጅነቴ አንድ በጋ፣ ባሕር ማዶ አሽትቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አጋጥሞኝ አያውቅም። ለማንም አውርቼው የማላውቅ ነገር ስለሆነ እስኪ ከመጀመሪያው ልናገረው።

እኔ የተወለድሁት አንኮበር ነው። ያኔ ንጉሡ እንጦጦ መክረም ጀምረው ስለነበር ከተማዋ ጭር ማለት ይዛለች። ቤታችን ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት በራችንን ስንከፍት ጉሙ ከእግራችን በታች ተኝቶ እናገኘዋለን፤ ረፈድ ሲል ይገፈፍና ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። ከቆላው ወዲያ ምን እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያሳደጉኝ የአባቴ አባት መምሬ ተክሌ ናቸው። አባቴ ዘመቻ ሄዶ ቀርቷል። እናቴ ወርቄም ገና ጡት ሳልጥል በፈንጣጣ ሞታለች። በእናቴ በኩል ዘመድ ነኝ ብሎ ቤታችን የመጣ ሰው የለም። ለምን ብዬም ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ የእናት ወገን እንዳለው እንኳ ልብ አላልሁም።

አያቴን «ጌታዬ» እያልሁ ነበር የምጠራቸው። በዚያ ዘመን በብዙ ቤት እንዲሁ ነው፤ ልጅ አባቱንም አያቱንም ጌታዬ ይላል፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የዚያን ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ አያቴ ኢየሩሳሌም ሄጄ እሳለማለሁ ብለው ተነሡ። ሰፈሩ ደስ አለው። እኔን ይዘው እንደሚሄዱ ሲሰማ ግን ተንጫጫ። የደብሩ አለቃ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጡ።

«መምሬ፣ ሕፃን ልጅ ይዘው በረሃ ሊገቡ ነው?»

«ስለት ነው» አሉ አያቴ።

«የማን ስለት?»

«የእኔ።»

አለቃው ባርከውን ወጡ።

ግመሎቹን የመሩልን ሼህ ሰዒድ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭነው በየዓመቱ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ አያቴን ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። አልዩ አምባ እቤታቸው ባደርንበት ማግሥት ጭነት ሲያስጭኑ መንገዱን ለአያቴ ሲያስረዱ ሰማሁ።

«እኔ ከታጁራ አላልፍም። እናንተን ጀልባ ላይ አሳፍራችኋለሁ፤ ጀልባው ኤደን ያወርዳችኋል። ከኤደን ወዲያ በትልቁ መርከብ ነው።»

ኤደን ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። እኔ አያቴ ኦሪት ሲተረጉሙ እግራቸው ሥር ተቀምጬ እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ኤደንን ከአጠገባችን ካለችው ከጎረቤላ አስበልጬ አውቃታለሁ፤ ወንዞቿን፣ ዛፎቿን፣ አዳምና ሔዋን ከወጡ በኋላ የእሳት ሰይፍ ይዞ በሯን የሚጠብቀውን ኪሩብ። ባሕሩ ዳር ኤደን የሚባል የዓረቦች ከተማ እንዳለ ማን ይነግረኛል?

«ጌታዬ፣ ያስገቡናል?» አልኋቸው።

«ለምን አያስገቡን።»

«ማን ነሽ ቢሉኝስ?»

«የክርስትና ስምሽን ትናገሪያለሽ። ተሳላሚ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው።»

እሳቸው ያሰቡት ኢየሩሳሌምን ነው። እኔ ያሰብሁት ኪሩቡን። የቤት ስሜ የሺመቤት፣ የክርስትና ስሜ አመተ ማርያም ነው። በቅሎ ላይ ተቀምጬ በረሃውን ሁሉ «አመተ ማርያም፣ አመተ ማርያም» እያልሁ አጠናሁ፤ ሰይፉ ፊት ስቆም ምላሴ እንዳይተሳሰር።

በረሃው እንዴት እንደነበር ብዙ አላወራም። ትዝ የሚለኝ የድንጋዩ ትኩሳት፣ ከቆዳ አቁማዳ የምንጠጣው ለብ ያለ ውሃ፣ የአያቴ ከንፈር መሰነጣጠቅ ነው። አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ። አዋሽን ከተሻገርን በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከፊታችን ይሄድ የነበረ ሌላ ጉዞ ላይ ደረስን። ግመሉ ጥቂት፣ ልጁ ብዙ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች፣ የእኔ እኩዮች ናቸው፤ ሁሉም በእግራቸው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ልጅ ሊሳለም የሚሄድ መሰለኝና ቀናሁባቸው። እነሱ አብረው እየተጫወቱ ሲሄዱ እኔ ከሽማግሌዎች ጋር ብቻዬን ነኝ ብዬ። ስንጠጋ ግን አንዳቸውም አይጫወቱም ነበር። አንዲት ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፤ መጀመሪያ በቅሎዬን፣ ቀጥሎ እኔን።

«ሼህ ሰዒድ፣ እነዚህም ኢየሩሳሌም ናቸው የሚሄዱት?» አልሁ።

ሼህ ሰዒድ የግመላቸውን ጭነት እንደሚያስተካክል ሰው ፊታቸውን አዞሩ። «አላህ ያውቃል ልጄ» አሉ።

አያቴ ነጠላዬን ሳብ አድርገው ፊቴን ሸፈኑት። «ፀሐዩ ያከስልሻል» አሉኝ። ፀሐዩ ከኋላችን ነበር።

ታጁራ ስንደርስ ባሕሩን አየሁ፤ ሰማዩ ወድቆ መሬት ላይ የተኛ መሰለኝ። ነፋሱ እስኪመለስ እዚያ ብዙ ቆየን። በኋላ ሼህ ሰዒድ እንዳሉት ጀልባ ላይ አሳፈሩን፤ አያቴ ጉልበት ላይ ተደፍቼ አንጀቴ እስኪወጣ እያስታወክሁ ተሻገርሁ። ጎሕ ሲቀድ ጀልበኛው በጣቱ ወደ ፊት እያሳየ «ኤደን» አለ።

ተነሥቼ አየሁ። ከባሕሩ መሐል ጥቁር ተራራ ቆሟል፤ ጫፉ እንደ ተሰበረ ገል የሾለ፣ ከላይ እስከ ታች እሳት በልቶ የጨረሰው። አንድ ዛፍ የለበትም። ሣርም የለበትም። ከሥሩ ደግሞ ቤት የሚያካክሉ ብረቶች ባሕሩ ላይ ተቀምጠው ጥቁር ጢስ ይተፋሉ። ወደ አንዱ ስንቀርብ ከእግር እስከ ራሳቸው የጠቆሩ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚያበራ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ጆንያ ተሸክመው በሳንቃ ላይ እየተሯሯጡ የብረቱ ሆድ ውስጥ ይገለብጣሉ። የድንጋይ ከሰል መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ገሃነም የደረስን መሰለኝ፤ ጀልበኛው መንገድ ስቶ።

«ጌታዬ፣ ዛፎቹስ?» አልሁ።

አያቴ ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው እየፈለጉ ነበር።

የብስ ላይ ስንወርድ መሬቱ አሁንም እንደ ጀልባው ይወዛወዝብኝ ነበር። አራት ወንዝ ያላት አገር ውሃ በግመል እየዞረ ይሸጥባታል። በመንገዱ ላይ አንድ ሳጥን መሳይ ነገር፣ ውስጡ ሰው ተቀምጦ፣ በክብ እግሮች እየተንከባለለ መጣብኝ፤ ጋሪ የሚባል ነገር በሀገሬ አይቼ ስለማላውቅ አያቴ እግር ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በሩ ጋ ደረስን። በሩ ላይ ቀይ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጢሙ የተጎነጎነ፣ ጠመንጃው አፍ ላይ ሰይፍ የሰካ ወታደር ቆሟል። ይህንንስ አውቄዋለሁ። ስሜን አዘጋጀሁ።

ያስገቡን ነጭ ክፍል ውስጥ ነው። ከጣሪያው ላይ ትልቅ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ማንም ሳይነካው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ቤቱ የሚተነፍስ መሰለኝ። ከግድግዳው በስተጀርባ ገመድ የሚስብ ሰው እንደነበረ ኋላ ነው ያየሁት። ከጠረጴዛው ወዲያ ፊቱ የቀላ ፈረንጅ ተቀምጧል። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ዓረብኛ ተናጋሪ ነበር፤ አማርኛ የለቀመው ከነጋዴ ነው መሰለኝ፣ ቃሉን እየሰበረ ነው የሚናገር።

አያቴን ከጠየቀ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ስም?»

«አመተ ማርያም» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አስተርጓሚው ከፈረንጁ ጋር ተነጋገረ።

«ማርያም ማን ናት? የት አለች?»

ኤደን በር ላይ የቆመ ሰው ማርያምን አለማወቁ ገረመኝ። ደብራችንን የሚጠይቀኝ መሰለኝና «አንኮበር፣ ከቤታችን በላይ» አልሁት።

«ይህ ሰው ከማርያም ወሰደሽ?»

«አዎን፣ ከጥምቀት በኋላ» አልሁ። ከማርያም ደብር የተነሣን ጊዜ የተጠየቅሁ መስሎኝ ነው።

አያቴ «የልጄ ልጅ ናት፣ የልጄ ልጅ» ይላሉ። ማን ይስማቸው። ወታደሩ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፣ ሌላው አያቴን ወደ ሌላ በር ገፋቸው። ጥምጥማቸው ወለሉ ላይ ወድቆ ተተረተረ። እኔ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» እያልሁ ጮኽሁ። አስተርጓሚው ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ ለፈረንጁ የሆነ ነገር ነገረው፤ ይኸው ሰማህ፣ በአፏ ጌታዬ አለችው፣ ማለቱ ነበር። አመት ማለት በግዕዙም በዓረብኛውም ባሪያ ማለት ነው። እኛ የማርያም አገልጋይ ብለን ክርስትና እንነሣበታለን፤ እነሱ ማርያም የምትባል እመቤት የገዛችኝ ልጅ ነኝ ብለው ጻፉኝ።

የወሰዱኝ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ቤት ነበር። አንዲት ፈረንጅ ሴት ልብሴን አወለቀችና ያንን የሚሸት መድኃኒት ውሃ ውስጥ ጨምራ ከራሴ እስከ እግሬ አጠበችኝ። በእኛ ዘንድ ያን ያህል የደረሰ ልጅ ራሱን ይታጠባል። ሰው የሚያጥበው አራስ ልጅንና ሬሳን ነው። አራስ አለመሆኔን አውቃለሁ። ስለዚህ ጀልባው ላይ ሞቼ እንደነበር ገባኝ፤ ጥቁሩ ተራራም፣ ጢሱም፣ የሚተነፍሰውም ቤት ነገሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ታየኝ። ማልቀሴን ተውሁ። የሞተ ሰው አያለቅስም ብዬ።

ልብስ አልብሰው ግቢው ውስጥ ወደ ነበሩት ልጆች ሰደዱኝ። ጥላው ሥር ከተቀመጡት አንዷ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ።

«እናንተ በበቅሎ ነበራችሁ» አለችኝ በአማርኛ።

ስሟ ጫልቱ ነው። ሀገሯ ከጊቤ ማዶ ነው፤ ሸዋ ሰው ቤት ጥቂት ስለቆየች አማርኛ ትችላለች። የተሳፈሩበት ጀልባ ባሕር ላይ ሳለ የፈረንጅ መርከብ አሳዶ ያዘው፤ ልጆቹን አምጥተው እዚህ አኖሯቸው። እንደማንኛውም ወሬ ነበር የምታወራልኝ።

«ኢየሩሳሌም አልነበረም እንዴ የምትሄዱት?» አልኋት።

«እሱ ምንድን ነው?»

ነገርኋት። አዳመጠችኝና «አንቺንስ ማን ሸጠሽ?» አለች።

«እኔ አልተሸጥሁም። ከጌታዬ ጋር ነኝ።»

«እኔም መጀመሪያ አልተሸጥሁም እል ነበር።»

ያን ቀን የቀረበልኝን ሩዝ መብላት አቃተኝ። ነጠላዬን ስበው ፊቴን የሸፈኑበትን ሰዓት አስታወስሁ፤ የሼህ ሰዒድን ፊት ማዞር አስታወስሁ። ሰው የልጅ ልጁን አይሸጥም እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ፣ ደግሞ ጫልቱን አያታለሁ። እሷም አያት ይኖራታል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደዚያው ነጭ ክፍል መለሱኝ። በዚህ ጊዜ ጥሩ አስተርጓሚ ተገኝታለች። ወይዘሮ ዘነቡ ትባላለች፤ የሸዋ ሴት ናት፣ አንድ አርመን ነጋዴ አግብታ ኤደን የምትኖር። አያቴ ቆመዋል። ራሳቸው ባዶ ነበር፤ ያለ ጥምጥም አይቻቸው አላውቅም፣ ራሳቸው እንዲህ ትንሽ መሆኑንም አላውቅም ነበር። ልሮጥ ስል ወታደሩ ያዘኝ።

ወይዘሮ ዘነቡ የቤት ስሜን ጠየቀችኝ። «የሺመቤት» አልኋት። ፈገግ አለች። የአንዱን ስም ፍች፣ የሌላውንም ፍች፣ ጌታዬ ማለት በቤታችን ምን እንደሆነ ሁሉ ለፈረንጁ አስረዳችው። የፈረንጁ ፊት ለስለስ ሲል አየሁ። ነገሩ ሊያልቅ ነበር። የቀረው ጥያቄ ለወጉ ያህል ነው።

«የልጅቱ አባት የት ነው?» አለች እያስተረጎመች።

«ዘመቻ ሄዶ ሞተ» አሉ አያቴ።

«እናቷስ?»

«ሞታለች።»

«እናቷ የማን ልጅ ናት? ወገኗ ማን ነው?»

ጣሪያው ላይ ያለው ጨርቅ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ወገኗን አላውቅም» አሉ አያቴ። «ልጅ ሆና ከገበያ የገዛኋት ናት። ቤቴ አድጋ ልጄ ወደዳት፣ ነፃ አውጥቼ ዳርኋቸው።»

ወይዘሮ ዘነቡ አላስተረጎመችም። ወደ አያቴ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መምሬ፣ ይህን ብነግራቸው ልጅቷን አይሰጡዎትም። ወገኗ አልቋል ልበላቸው።»

«ወደ ጌታ መቃብር እየሄድሁ ነው» አሉ አያቴ። «ልጅቱን ያመጣኋትም ስለዚሁ ኃጢአቴ ነው። ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። ፈረንጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ብዙ ተናገረ፤ ወይዘሮ ዘነቡ ወደ እኔ መጥታ በርከክ አለች።

«የሺመቤት፣ ምርጫው ያንቺ ነው ይላል። ከእሳቸው ጋር መሄድ ትችያለሽ፤ ካልፈለግሽ እዚያ ቤት ከልጆቹ ጋር ያሳድጉሻል፣ ማንም አይነካሽም።»

እኔ እሷን አልሰማኋትም። አያቴን ነበር የማየው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው ልጄ።»

«ወርቄ?»

«ወርቄ ያልናት እኛ ነን» አሉ። «እናቷ ያወጣችላትን ስም አልጠየቅኋትም።»

ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ እናቴ እኛ ቤት ስትኖር ሰው በስሟ ጠርቷት የማያውቅ መሆኑን። አያቴን ከራስ እስከ እግር አየኋቸው። እግራቸው አብጦ ነበር። በመጨረሻ ሄጄ ከጎናቸው ቆምሁ። ይቅር ብያቸው አይደለም፤ ይቅርታ ምን እንደሆነ የማውቅበት ዕድሜ ላይም አልነበርሁ። ከእሳቸው ሌላ የማውቀው ሰው ስላልነበረኝ ነው። እጃቸውን ሊሰጡኝ ዘረጉ፣ አልያዝሁትም፤ እሳቸውም መልሰው ሰበሰቡት።

ትልቁ መርከብ የሚነሣው በማግሥቱ ነው። ነጠላዬ እዚያ ቤት ቀርቶ ስለነበር ወይዘሮ ዘነቡ ይዛኝ ሄደች። ፈረንጅቷ ልታመጣልኝ ስትገባ ጫልቱ ጥላው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጨርቅ መስፋት እያስተማሯት ነበር።

«ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«አዎን።» አጠገቧ ተቀመጥሁ። «እናቴም እንዳንቺው ከገበያ የመጣች ናት አሉ። ከየት እንደሆነ ግን አያውቁም።»

ጫልቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ስሟ ማን ነበር?»

«አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም?»

«አልጠየቋትም።»

ብዙ አሰበች። ስሙ የጠፋ ዕቃ ይመስል፣ ብንፈልገው የምናገኘው ይመስል፣ ቅንድቧን ሰብስባ አሰበች። ከዚያ የሀገሯን ሴቶች ስም አንድ በአንድ ትጠራልኝ ጀመር።

«ዲንቂ ትሆን? አያንቱ? ብልሌ?»

እኔ እያንዳንዱን ስም ከአፏ ተቀብዬ ቀስ ብዬ እለዋለሁ። የእናቴን መልክ አላስታውሰውም፤ ግን ከስሞቹ አንዱን ስል የምታውቀኝ፣ የምትዞር ይመስለኝ ነበር።

«ቶልቱ? ቢፍቱ?»

«ቢፍቱ» አልሁ።

ፈረንጅቷ ነጠላዬን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ዘነቡ ከበሩ ሆና ጠራችኝ። ጫልቱ ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ከኋላዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በሩን ወጥቼ መንገዱ ላይ እስክደርስ ድረስ፣ ስም ትጠራልኝ ነበር።